የሶፍትዌር ዋጋ ጭማሪን ለደንበኛ እንዴት እንንገር? ወሎ ውስጥ ለሚሠሩ ትንንሽ የቴክኖሎጂ ቢዝነሶች ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ስለሚወድቁ ነው። ለነጋዴ ያከራዩት ሲስተም በደንብ ይሠራል፣ ደንበኛውም ለምዶታል። ዋጋ የተጨመረ ዕለት ግን አንዱ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ሌላው ስልክ ማንሳት ያቆማል። ሦስተኛው ለጎረቤት ሱቅ ያወራል።

እኔም ወድቄበታለሁ። የመጀመሪያውን ጭማሪ ለሁሉም ደንበኛ በአንድ ቀን፣ በአንድ የጽሑፍ መልእክት ላክሁ። ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሐጂ መልእክቱን ያዩት ሲሚንቶ እያስጫኑ ነው። ማታ ደወሉልኝ። «ሦስት ዓመት አብረን ቡና ጠጥተን ይህን በስልክ ትጽፍልኛለህ?» አሉኝ። ስለ ብሩ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በሚቀጥለው ወር ሲስተሙን አቋረጡ።

ከዚያ በኋላ አካሄዴን ቀየርሁና ሁለት ጊዜ ጨመርሁ። የሚከተለው ያ አካሄድ ነው። የሽያጭና የስቶክ ሲስተም፣ የፋርማሲ፣ የትምህርት ቤት ወይም የሆቴል ሲስተም በወር ወይም በዓመት ለምታከራዩ ሁሉ ይሆናል። ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ረዘመ ብላችሁ ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ሒሳቡን ለራሳችሁ ጨርሱ (የመጀመሪያው ሳምንት)

1. ወጪያችሁን ለሁለት ከፍላችሁ ጻፉ። በአንዱ በኩል በዶላር የምትከፍሉት ይሁን፦ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር፣ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም)፣ የሶፍትዌር ፈቃድ። በሌላው በኩል በብር የምትከፍሉት፦ ቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ኢንተርኔት፣ ትራንስፖርት።

2. ዋጋውን የወሰናችሁበትን ጊዜ ወጪና የዛሬውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ለደንበኛ የምትናገሩት ምክንያት ከዚህ ወረቀት ብቻ ይውጣ።

3. ዶላርን ምክንያት ልታደርጉ ከሆነ ቀኑን አስተውሉ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህን ለነጋዴ ማስረዳት አይከብድም፤ ራሱ በጎማና በቆርቆሮ ዋጋ አይቶታል። ነገር ግን ያንን ልዩነት ያኔውኑ ጨምራችሁ ከሆነ ዛሬ ደግማችሁ አታንሱት። ነጋዴ ሒሳብ አይረሳም።

4. አዲሱን ዋጋ አንዴ ወስኑ። በዓመት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጨመር አንዴ የሚበቃውን መጨመር ይሻላል።

5. የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ ይካተት ወይስ ከላዩ ይታሰብ የሚለውን አሁኑኑ ወስኑ። «900 ብር» ብላችሁ ነግራችሁ ደረሰኝ ላይ 1,035 ብር ከመጣ ጠቡ ትክክል ነው።

6. ውሎቻችሁን አንብቡ። የዓመት ክፍያ የከፈለ ደንበኛ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ አይነካም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለክርክር ይሆናል» ብላችሁ ዋጋውን ከፍ አድርጋችሁ አትነሱ። ገበያ ላይ መከራከር ያለ ነው። ነገር ግን ጠዋት ፒያሳ ላይ የቀነሳችሁለት ሰው ከሰዓት በኋላ ለጎረቤቱ ይነግራል። ሙሉውን የከፈለው ደንበኛ እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ ልክም ነው።

ደረጃ 2፦ ማን እንደሚወስን ለዩ (ሁለተኛው ሳምንት)

ኤክሴል ክፈቱ። በእያንዳንዱ ደንበኛ ፊት እነዚህን ሙሉ፦ ከተማ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው፣ ብሩን የሚከፍለው ማን ነው፣ «ይቀጥል» ወይም «ይቅር» የሚለው ማን ነው፣ እንዴት ተብሎ ይጠራል።

ሦስቱ ሰዎች አንድ ናቸው ብላችሁ አታስቡ። ኮምፒውተሩ ላይ ልጅየው ነው ያለው። ቴሌብር የሚልከው ወንድሙ ነው። የሚወስኑት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብቅ የሚሉት አባት ናቸው። ለልጁ ነግራችሁ ከሄዳችሁ አባትየው ጋ የሚደርሰው «ሰዎቹ ጨመሩብን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ምክንያቱን ልጁ አያስረዳላችሁም። ሥራውም አይደለም።

አጠራሩን በትክክል ጻፉ። ሐጂ፣ ሼህ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ዶክተር። ሠላሳ ዓመት ሐጂ ሲባሉ የኖሩ ሰው በመልእክት «ውድ ደንበኛችን» ሲባሉ ቅር ይላቸዋል። ባቲና ከሚሴ አካባቢ በኦሮምኛ ቢነገራቸው የሚመርጡም አሉ። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ካላችሁ እሱን መድቡ።

ከዚያ ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉ፦

ሀ) በአካል የሚነገራቸው። ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩ፣ ብዙ የሚከፍሉ፣ ወይም ሌላ ደንበኛ ያመጡላችሁ። ሦስተኞቹን እንዳትረሱ። ክፍያቸው ትንሽ ቢሆንም ቃላቸው ሰፈሩን ያዞራል።

ለ) በስልክ የሚነገራቸው። የቀሩት የግል ሱቆችና ድርጅቶች።

ሐ) በደብዳቤ የሚነገራቸው። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ማኅበር፣ በቦርድ ወይም በፋይናንስ ክፍል የሚወስን ሁሉ። እነዚህ ጋ ፈቃደኛ ሰው ብታገኙም ማህተም ያለበት ወረቀት ከሌለ ብሩ አይንቀሳቀስም።

ደረጃ 3፦ ቀንና ሰዓት ምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የምትናገሩበት ቀን። የገበያ ቀን አትናገሩ። ባቲ ላይ ሰኞ ማለት ገበያው የሚጨናነቅበት ቀን ነው፤ ሰኞ ባቲ የሚደወል ስልክ አይደመጥም። ላሊበላ ከሆነ ቅዳሜን ተዉ። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በፊትና በሰላቱ ሰዓት አትሂዱ፣ አትደውሉም። እሑድ ጠዋት ክርስቲያን ደንበኞቻችሁ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የረመዳን መጨረሻ አሥር ቀናትንና የበዓል ዋዜማዎችን ዝለሉ። ሐምሌና ነሐሴ የግብር ወቅት ነው። ነጋዴው ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ ነው፣ እጁም ታስሯል። በእነዚህ ሁለት ወራት ጭማሪ አትናገሩ።

ሁለተኛ አዲሱ ዋጋ የሚጀምርበት ቀን። የመጨረሻው ደንበኛ ከሰማበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን ራቁ። ሁልጊዜ በኢትዮጵያ ወር በ1 ይጀምር። ሲስተማችሁ በውስጡ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስብ ከሆነ ተጠንቀቁ። የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 በ2018 የዋለው ታኅሣሥ 23 ነው። ለደንበኛው «ከጥር 1» ብላችሁ ሲስተሙ ታኅሣሥ 23 ላይ አዲሱን ዋጋ ከጠየቀው ለስምንት ቀን ውሸታም ሆናችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛ ጳጉሜን። ደንበኛ ይጠይቃችኋል፦ «ጳጉሜን ይከፈላል ወይ?» ቤት ኪራይ አይከፈልበትም፣ ደመወዝም የለውም። ሲስተማችሁ በየ30 ቀኑ የሚያስከፍል ከሆነ 12 ክፍያ 360 ቀን ይሸፍናል፤ ጳጉሜን 1 ላይ አዲስ ክፍያ ይጠይቃል። ክፍያውን በወር ስም እሰሩት፤ ጳጉሜንን በነፃ ስጡ። አምስት ወይም ስድስት ቀን ነው። የሚያመጣው መልካም ስም ከብሩ ይበልጣል።

አራተኛ ሰዓት። ከጭማሪው ጋር ሰርቨር የምትቀይሩ ከሆነ ሲስተሙ የሚቋረጥበትን ሰዓት ትናገራላችሁ። «2:00 ላይ ይቋረጣል» ብላችሁ አትጻፉ። የሰርቨር ድርጅቱ 2:00 የሚለው ሌሊት 8 ሰዓትን ነው። ባለሱቁ የሚያነበው ግን ጠዋት 2 ሰዓትን ነው፤ ሱቅ የሚከፍትበትን። ቃሉን ሙሉውን ጻፉ፦ «ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት»።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ የራሳችሁ ሰዎች ይስሙ

አንድም ደንበኛ ሳይሰማ ቴክኒሻኑ፣ ሽያጭ የምትሠራው ልጅ፣ ስልክ የሚያነሳው ሁሉ ይስማ። ተቀምጣችሁ ንገሯቸው። አንድ ገጽ ወረቀት ስጧቸው። ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይኑር፦ የድሮው ዋጋ፣ አዲሱ ዋጋ፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ እና «ቅናሽ መስጠት የሚችለው ማን ነው?» ለሚለው አንድ ስም።

ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቴክኒሻኑን ነው። ፕሪንተር ሊሠራ ገብቶ «እውነት ልትጨምሩ ነው?» ይባላል። «እኔ አልሰማሁም» ካለ ነገሩ ከእጃችሁ ወጣ።

ደረጃ 5፦ በአካል ሂዱ (ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት)

የሀ ዝርዝርን ይዛችሁ ውጡ። ባለቤቱ ራሱ ይሂድ፤ ሠራተኛ አትላኩ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐይቅም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የወልዲያ ደንበኞችን በአንድ ጉዞ ጨርሱ። አንዱን ዛሬ ሌላውን ከሳምንት በኋላ ካደረጋችሁ ሁለተኛው እናንተ ሳትደርሱ ከመጀመሪያው ሰው ይሰማል።

ከመግባታችሁ በፊት ደውሉ። «ሐጂ፣ ነገ ከዐሥር በኋላ ሱቅ ይኖራሉ? ለአሥራ አምስት ደቂቃ ላገኝዎት ፈልጌ ነው» በሉ። ጉዳዩን በስልክ አትናገሩ። ከጠየቋችሁም አትዋሹ፦ «የክፍያ ጉዳይ ነው፣ በአካል ላስረዳዎት ብዬ ነው» በሉ።

ከገባችሁ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ሰላምታ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ገበያ ጠይቁ። አታሳጥሩት፤ አታራዝሙትም።

2. ሲስተሙ እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። ብልሽት ካለ አሁን ይውጣ። ብልሽት ከተነገራችሁ እዚያው አስተካክሉ ወይም ቀን ቁረጡ። ያልተሠራ ብልሽት ባለበት ጭማሪ አትናገሩ፤ ሠርታችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።

3. ነገሩን ተናገሩ። ቡና ተፈልቶ ከሆነ አቦሉ ለጨዋታ ይሁን፣ ቶናው ላይ ተናገሩ፣ በረካው ለጥያቄ ይቅር። በረካ ላይ ተናግሮ መነሳት ጥሎ እንደ መሸሽ ነው። ከጎረቤት የጀበና ቡና አንድ ስኒ ብቻ ከመጣም ስኒው ሳይጋመስ ተናገሩ።

4. ቁጥሩን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስገቡት። «ሐጂ፣ የማያስደስት ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ከየካቲት 1 ጀምሮ የወሩ ክፍያ ከ600 ወደ 900 ብር ይሆናል።» ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ዙሪያውን አትዙሩ። ሰው ዙሪያ ጥምጥም ሲሰማ ከቁጥሩ የባሰ ነገር ይገምታል።

5. ዝም በሉ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ዝምታው ሲረዝም አብዛኛው ሰው ፈርቶ «ግን ለእርስዎ ልናስተያይ እንችላለን» ይላል። እዚያ ላይ ዋጋው ወደቀ። ደንበኛው እያሰላ ነው። ይጨርስ።

6. ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩ። ከደረጃ 1 ወረቀት። ሦስተኛ አትጨምሩ።

7. የማይቀየረውን ንገሩ። «ስንጠራ የምንመጣው እንደ ድሮው ነው። ሰኔ ድረስ ሌላ ጭማሪ የለም።» ቀን ስትቆርጡ የምትጠብቁትን ብቻ ቁረጡ።

8. ምርጫ ስጡ። ዓመቱን አሁን በድሮው ዋጋ የሚከፍል፣ በየወሩ በአዲሱ የሚቀጥል፣ ወይም አነስ ወዳለ ጥቅል የሚወርድ።

ስለ ክርክር፦ ዋጋው ላይ አትቀንሱ፤ ሌላ ነገር ጀባ በሉ። ጀባ የምትሉትን ከቤት ወስናችሁ ውጡ፦ አዲስ ካሸር በነፃ ማሠልጠን፣ በየወሩ ባካፕ (የመረጃውን ቅጂ) በፍላሽ ማድረስ፣ የባርኮድ ማንበቢያውን ማጽዳትና መፈተሽ። «በሁለት ወር ውስጥ አዲስ ገጽታ እንጨምራለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ፕሮግራመር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለት ወሩ አራት ይሆናል።

ስለ «አብሽር»፦ ወሎ ውስጥ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። ደንበኛው «አብሽር፣ ችግር የለም» ይላችኋል። ለእናንተ አዝኖ፣ እንዳትጨነቁ ብሎ ነው። ተስማማ ማለት ላይሆን ይችላል። ደስ ብሏችሁ አትውጡ። በትሕትና ጠይቁ፦ «እንግዲያው ከየካቲት ጀምሮ በአዲሱ ልመዝግብዎት ወይስ ከልጆቹ ጋር ተማክረው ሐሙስ ልደውል?» ሐሙስን ከመረጡ ገና አልተስማሙም። ሐሙስ ደውሉ። ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብም አይደለም።

ስለ መረጃ፦ «ባቆም የዕቃ ዝርዝሬና የዱቤ መዝገቤስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እዚህ አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሱቆች ሲዘረፉ ከዕቃው ጋር መዝገብ ያጡ ብዙ ነጋዴዎች አሉ። ማን ስንት እንዳለበት በቃል ሲሰበስቡ ከርመዋል። ስለዚህ ሳትንተባተቡ መልሱ፦ «መረጃው የእርስዎ ነው። ባቆሙ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በኤክሴል አድርገን በፍላሽ እናስረክብዎታለን፣ ክፍያ የለውም።» ይህን ማድረግ የማይችል ሲስተም ካላችሁ ጭማሪውን ተዉና መጀመሪያ እሱን ሥሩ።

ደረጃ 6፦ ስልክ (ስድስተኛው ሳምንት)

ለ ዝርዝር ላይ ያሉትን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱ። ከዚያ በላይ ከቆየ ወሬው ይቀድማችኋል። ንግግሩ እንደ ደረጃ 5 ነው፣ ያጠረ ብቻ ነው። መጀመሪያ «ሰው ይዘዋል ወይስ ላስረዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ይዣለሁ ካሉ ሰዓት ጠይቃችሁ ዝጉ። ሦስት ጊዜ ደውላችሁ ያላነሳ ሰው ወደ ሀ ዝርዝር ይዛወራል። በአካል ሂዱ።

ከእያንዳንዱ ስልክ በኋላ ኤክሴሉ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን አነሳ፣ ምን አለ፣ ምን ቃል ገባሁ።

ደረጃ 7፦ በጽሑፍ አስረግጡ

የጽሑፍ መልእክት የሚሄደው ለሰማ ሰው ብቻ ነው። ዜና አይናገርም፤ የተነገረውን ያስረግጣል።

የግዕዝ ፊደል አንድ መልእክት ውስጥ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ። ከ70 ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱም 67 ይይዛል፣ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል። በላቲን ፊደል 160 ይገባል። ግን አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ለአንድ አዛውንት ነጋዴ አትላኩ። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከላቲን ጋር ከተቀላቀለችም ሙሉው መልእክት በ70 ይቆጠራል። በጅምላ ስትልኩ ይህን ረስታችሁ በጀታችሁ በግማሽ መንገድ እንዳያልቅ።

ይህ የማይሆን ነው፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ከወቅቱ ዓለም አቀፍ ሁኔታ ጋር ተያይዞ የአገልግሎት ክፍያ ማሻሻያ ማድረጋችንን ስንገልጽ በታላቅ አክብሮት ነው።»

ስንት ብር ነው? ከመቼ ጀምሮ? አይናገርም። ያነበበ ሰው መደወል አለበት። ይህ ይሻላል፦

«ሰላም ሐጂ። እንደተነጋገርነው ከየካቲት 1 ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያው 900 ብር ነው። እናመሰግናለን።»

ይህ 61 ነው። በአንድ መልእክት ይገባል። ላኪው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ደንበኛው ከሚያውቀው ቁጥር ላኩ።

ለሐ ዝርዝር ደብዳቤ ጻፉ። ቁጥርና ቀን፣ ጉዳይ፣ የድሮና አዲስ ዋጋ፣ ቫትን የሚመለከት አንድ መስመር፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ፊርማና ማህተም። አዲስ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አያይዙ። በእጃችሁ አድርሱና ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስፈርሙ። የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅቶች በመሃል ዓመት መጨመር ይከብዳቸዋል። ለእነሱ ከሐምሌ 1 ጀምሮ እንዲሆን አድርጉት፤ ደብዳቤው ግን የበጀት ዕቅድ ሳይዘጋ፣ ሚያዝያ ላይ ይድረሳቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ የደንበኞች ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ጭማሪውን እዚያ አትለጥፉ። መጀመሪያ የሚጽፈው የተናደደው ነው። ሌላው አንብቦ እሱን ይከተላል። የረካው ደንበኛ ግሩፕ ላይ አይጽፍም።

ደረጃ 8፦ የክፍያው ቀን

1. ከሦስት ቀን በፊት አዲሱን ዋጋ በአንድ የሙከራ አካውንት ላይ ሞክሩ። ቀኑን፣ ቫቱን፣ ደረሰኙን እዩ።

2. የዓመት ክፍያ የከፈሉትን አንድ በአንድ አረጋግጡ። ሲስተሙ ለእነሱ አዲሱን ዋጋ እንዳያሳይ።

3. ያልከፈለን አትዝጉ። አሥር ቀን ስጡ። ካሸሩ የሚያየው ማሳሰቢያ ሳይሆን ባለቤቱ ብቻ የሚያየው ይሁን። ገዢ ቆሞ እያየ «ክፍያ አልተፈጸመም» የሚል ጽሑፍ ስክሪን ላይ መምጣት ውርደት ነው።

4. አሥር ቀን ካለፈ ደውሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሽያጭ መመዝገብን አቁሙ። የድሮውን መረጃ ማየትና ማተም ግን ክፍት ይሁን። የሰውን መዝገብ መያዣ አታድርጉ።

ነገር ሲበላሽ

ወሬው ቀድሞ ከወጣ፦ ቀጠሮ አትጠብቁ። የሀ ዝርዝርን በዚያው ቀን በስልክ ጨርሱ። «በአካል ልነግርዎት ነበር፣ ቀደመኝ፣ ይቅርታ» በሉ። ከዚያም በአካል ሂዱ። በስልክ ነግረናል ብላችሁ አትቅሩ።

የተሳሳተ ዋጋ ከተላከ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ የማስተካከያ መልእክት ላኩ፣ ከዚያ ደውሉ። የተላከው ዋጋ ዝቅ ያለ ከሆነ የመጀመሪያውን ወር በእሱ አስከፍሉ። ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ቴክኒሻኑ «ለእናንተ አይጨምርም» ብሎ ቃል ገብቶ ከተገኘ፦ ደንበኛው ፊት አትካዱት፣ አትቆጡትም። ቃሉን ለሦስት ወር አክብሩ። ቴክኒሻኑን ይዛችሁ ሂዱና ቀኑን አብራችሁ ንገሩ። ከዚያ የደረጃ 4 ወረቀት ላይ ምን እንደጎደለ ፈልጉ።

በዚያው ሳምንት ሲስተሙ ከወደቀ፦ ጭማሪውን በ30 ቀን አራዝሙ። ሳትጠየቁ አራዝሙ። መልእክቱም ይህን ይበል፦ ምን እንደተበላሸ፣ መቼ እንደተስተካከለ፣ ጭማሪው እንደተራዘመ።

ኔትወርክ ከጠፋ፦ አካባቢያችን ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶበት ያውቃል። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ሲስተም የምታከራዩ ከሆነ ለጠፋበት ጊዜ አታስከፍሉ። ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ ከሆነ የታተመ ደብዳቤ ለቴክኒሻን ወይም ለምታምኑት የሚኒባስ ሹፌር ስጡ። የደብዳቤው መድረስ ሳይረጋገጥ አዲሱን ዋጋ አትጀምሩ።

ደንበኛው ከተቆጣ፦ አትመልሱ። ይጨርስ። ሲጨርስ «ልክ ነዎት፣ ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ» የሚባል ነገር ካለ በሉት፣ ከሌለ ግን ያላጠፋችሁትን አትመኑ። ዕለቱን መልስ አትጠይቁ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ቁጣውና ውሳኔው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

በአካል ከነገራችኋቸው የመጀመሪያ አሥር ሰዎች አራቱ «አልችልም» ካሉ፦ ቁሙ። ወደ ለ ዝርዝር አትለፉ። ዋጋው ወይም ጥቅሉ ልክ አይደለም። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና የነገራችኋቸውን አሥሩንም ደውላችሁ «እያየነው ነው፣ እስክመለስ በድሮው ይቀጥሉ» በሉ።

ደንበኛው ካቆመ፦ ቃል እንደገባችሁት በሦስት ቀን ውስጥ መረጃውን ይዛችሁ ሂዱ። ለባለቤቱ ብቻ አስረክቡ፤ የዱቤ ዝርዝሩ የሰዎች ስምና ስልክ አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፍላሹን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና ዝርዝሩ መነበቡን አሳዩ። ጥቂት መስመሮችን ከሲስተሙ ጋር አብራችሁ አመሳክሩ። ተቀባዩ ይፈርም። የቆመበትን ቀንና ምክንያቱን በራሱ ቃል ኤክሴሉ ላይ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ደውላችሁ ፋይሉ በደንብ ይከፈት እንደሆነ ጠይቁ። ስለ መመለስ አታንሱ።